የጣሃ ዲሽ

ኩኩ ስትደውል ኃይለ ልዑል ሰመራ፣ በሚሠራበት መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል እያወረደ ነበር። ኩኩ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አባቱን የምታበላና የምትጠብቅ ጎረቤታቸው ናት። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ስሟን ስልኩ ላይ ሲያይ፣ አባቴ አንድ ነገር ሆኑ ብሎ፣ የያዘውን ፋይል ወለሉ ላይ ጣለው።

«ኃይሌ፣ አባባ ደህና ናቸው» አለችው ቀድማ። ቀጥላም «ጣሃ ግን አረፈ። ዛሬ ማለዳ አዳማ ሐኪም ቤት። አስከሬኑ መንገድ ላይ ነው፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለች።

ምን አግኝቶት እንደሆነ ጠየቃት። ልቡን ነው አለችው፤ ጨጓራ ነው እያለ ሲሸሽገው የኖረ ሕመም ነበረበት። አባባ ምሳ አልቀምስ ብለዋል፣ ቀብር ውሰዱኝ እያሉ በር ላይ ቆመዋል፣ ከቻልክ ና አለችና ዘጋች።

ኃይለ ልዑል ስልኩን እንደያዘ ቆመ። በመጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አልነበረም። በጠባብ ሚኒባስ ውስጥ ከጎን የተቀመጠ ወፍራም ሰው ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር፤ እፎይ፣ ቦታ ሰፋ የሚያሰኝ። ይህን ባሰበ ቁጥር በኋላ ላይ ፊቱ ይግል ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ወዲያው ተከትሎ መጣ፤ የአባቱ ሪሲቨር። ያን ጊዜ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጣሃ አዋሽ ላይ ዲሽ የሚሠራ ሰው ነበር። ትውልዱ ባቲ ነው። ብዙ ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክር ቆይቶ፣ ወገቡ ሲያስቸግረው አዋሽ ወርዶ ቀረ። ኑርሀያትን አገባ፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ማዶ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየ። በባጃጁ ጣሪያ ላይ መሰላል አስሮ ነበር የሚዞረው። መሰላሉ በየጉድጓዱ እየተንኳኳ ስለሚሄድ ጣሃ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ይደርሳል።

አሠራሩ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ሌሎቹ ገና ከበር ሲገቡ ሪሞቱን ይቀማሉ። ጣሃ ጫማውን አውልቆ ይቀመጥና የቤቱን ሰው ያዋራል። መጨረሻ ላይ የሰማችሁት ምንድን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ማን ነካው፣ ነፋስ ነበር ወይ፣ ቤቱ አይጥ አለው ወይ ይላል። ወጌሻ ይመስል ነበር፤ ከመንካቱ በፊት የታመመበትን ቦታ ሰውየው ራሱ እንዲናገር ይጠብቃል። አንዳንዱ ሰው እየተናገረ ሳለ ራሱ ያጠፋውን ያስታውስና ያፍራል። ያን ጊዜ ጣሃ ይስቅና ሻይውን ጠጥቶ ይሄዳል።

የኃይለ ልዑል አባት አቶ ሀብተ ሥላሴ በምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ሠራተኛ ነበሩ። አዋሽ ጣቢያ ተቀምጠው የሚመጣውንና የሚሄደውን ባቡር በሽቦ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ከመተሐራ የሚደውለው ሰው ገና ሲተነፍስ ማን መሆኑን ያውቁት ነበር ይባላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግላኮማ ዓይናቸውን ወሰደው። ጆሯቸውም እያደር ደከመ። ጠጋ ብሎ የሚያወራቸውን ሰው ይሰማሉ፤ የቴሌቪዥን የራሱ ድምፅ ግን ለእሳቸው የትንኝ ያህል ነው። ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ቀኑ የሚመሽላቸው ስብከትና ዜና በማዳመጥ ስለነበር፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት ኃይለ ልዑል ይህን አስቦ ሎጊያ ካለ የጅቡቲ ዕቃ ነጋዴ አንድ ሪሲቨር ገዛ። ባለ ሁለት ቲዩነር ነው። አንዱ ዕቃ ሁለት ቴሌቪዥን ያሠራል፤ የሳሎኑ አንድ ጣቢያ ሲያሳይ የመኝታ ቤቱ ሌላ ማሳየት ይችላል፤ ለየቴሌቪዥኑም የየራሱ ሪሞት አለው። ለበዓል ሲመጣ አባቱ ስብከታቸውን እሱም ኳሱን፣ ማንም ማንን ሳያስቸግር ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጀርባው ዲጂታል የድምፅ መውጫ አለው። ከዚያ ላይ ቀጭን ጥቁር ገመድ ተነስቶ ትልቅ ስፒከር ላይ ይሰካል፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ቤቱን ይሞላል። ኃይለ ልዑል ስፒከሩንም ገዛ። ሚሌ ላይ የጉምሩክ ፈታሾች ካርቶኑን አስፈቱት፤ መልሶ አሰረውና ስፒከሩን ጭኑ ላይ አቅፎ እስከ አዋሽ ወረደ።

ቤት ደርሶ ግን ማገናኘት አቃተው። ሁለት ቀን ታገለ። በሦስተኛው ቀን አባቱ «ጣሃን ጥሩልኝ» አሉ።

ጣሃ መጣ፤ ተቀመጠ፤ አወራ፤ ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣ። ዲሽ ሲዞር ከታች ሆኖ «መጣ፣ ሄደ» የሚለው ሰው ስክሪን እያየ ነው። ጣሃ ግን ዓይናማውን ልጅ ትቶ ዓይነ ስውሩን አባት መረጠ። «አባባ፣ አንተ ስማልኝ» ብሎ ከላይ ተጣራ። ሀብተ ሥላሴ ወንበራቸውን ስፒከሩ ጋ አስጠግተው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሄደ፣ ሄደ፣ አሁን መጣ፣ ጥቂት መልሰው፣ እሱ ጋ ተው ሲሉ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ጣቢያው ስልክ ላይ እንደነበሩት ሆኑ። ኃይለ ልዑል በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። እሱ በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣ ጥፍራቸውን ይቆርጣል፣ መድኃኒታቸውን በየሣጥኑ ይደረድራል፣ እጃቸውን ይዞ ከቤት ያወጣቸዋል። ሥራ ግን ሰጥቷቸው አያውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሪሲቨሩ ስም ወጣለት። አባቱ ኩኩን «የጣሃን ዲሽ ክፈቺልኝ» ይሏት ጀመር። ጎረቤቱም የጣሃ ዲሽ አለው።

ቅናት ሲጀምር በትንሽ ነገር ነው የሚጀምረው። በመጀመሪያ ኃይለ ልዑልን የቆጠቆጠው «አንተ» የምትለዋ ቃል ናት። እሱ እናቱ እንዳሳደገችው አባቱን «እርስዎ» ይላል። ጣሃ ባዕድ ሆኖ «አንተ» ይላቸዋል፤ ሽማግሌውም ይወዱለታል። ከዚያ ነጠላ ጫማው መጣ። አንድ ጊዜ ኃይለ ልዑል ከሰመራ ሲመጣ በሩ ሥር አዲስ ነጠላ ጫማ አይቶ አደረገው። ኩኩ ሳቅ እያለች «ኧረ አውልቅ፣ የጣሃ ናት፤ አባባ ናቸው ያስገዙለት» አለችው። ከዚያ ደግሞ የመሰላሉ ድምፅ አለ። ባጃጁ ገና አስፋልቱ ላይ ሳለ፣ ጆሯቸው ደከመ የተባሉት ሰው «ጣሃ መጣ» ይላሉ። ልጃቸው ከሰመራ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ግን «ማነው?» ነው የሚሉት። ሁልጊዜ «ማነው?»

ጣሃ ይህን ያውቅ እንደሆነ አይታወቅም። ኃይለ ልዑልን ሲያገኘው «የመዝገብ ቤቱ፣ እስቲ የእኔን ፋይል አውጣልኝ» እያለ ይቀልድበት ነበር። ኃይለ ልዑልም ይስቃል። ጥርሱ ብቻ ነበር የሚስቀው።

ዘንድሮ ለፋሲካ ሄደ። በበዓሉ ቀን ጣሃ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ፤ ለእሱ ተብሎ ለብቻው የተቀመጠውን ድፎ ዳቦ በለስላሳ በላ። ስፒከሩ ቅዳሴ ያሰማል። ሀብተ ሥላሴ ደስ ብሏቸው፣ ጣሃ ባይኖር ኖሮ እኔ ከነነፍሴ ሙት ነበርኩ አሉ። ኃይለ ልዑል እንደ ቀልድ አድርጎ «አባባ፣ ሪሲቨሩን የገዛሁት እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«መግዛትማ ማንም ይገዛል» አሉ አባቱ።

ጣሃ ቶሎ ብሎ ሊያለዝበው ሞከረ። እሱ ባይገዛው እኔ ምኑን እሠራ ነበር አለ። የባሰ ሆነ። ኃይለ ልዑል ሥጋውን ሲያኝክ ቆይቶ ውሃ ጠጣበት።

በማግሥቱ እኩለ ቀን፣ አባቱ በሙቀቱ አሸልበው ሳለ፣ እሱ በሚያድርበት ክፍል ገብቶ የሪሲቨሩን መመሪያ መጽሐፍ ከቦርሳው አወጣ። ሪሲቨሩን የገዛ ቀን መጽሐፉን ለብቻው አስቀርቶት ነበር፤ የመዝገብ ቤት ሰው ስለሆነ ወረቀት ሲያይ በፋይል ማስቀመጥ ይወዳል። ሰመራ ላይ በምሳ ሰዓት እያነበበ ዳር ዳሩን በእርሳስ አስምሮበታል። መጽሐፉ ላይ ጣሃ የማያውቀው አንድ ገጽ ነበር። ዲጂታሉ የድምፅ መውጫ አንድ ብቻ በመሆኑ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው የአንዱን ቴሌቪዥን ነው፤ የሳሎኑን ወይም የመኝታ ቤቱን። የትኛውን እንደሚያሰማ የሚመረጠው በሁለተኛው ሪሞት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሪሞት ደግሞ ያለው በእሱ ክፍል፣ በእሱ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ሪሞቱን አነሳና ድምፁን ወደ መኝታ ቤቱ አዞረው። የክፍሉን ቴሌቪዥን አጠፋው።

ሳሎን ስፒከሩ ዝም አለ። የሳሎኑ ቴሌቪዥን በራሱ ትንሽ ድምፅ እያወራ ቀጠለ፤ አባቱ ግን ከእንቅልፋቸው አልነቁም።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ቢያንስ እሱ ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። ጣሃ ይመጣል፣ ይሞክራል፣ ያቅተዋል። አንድ ጊዜ እንኳ «አልቻልኩም» ይላል። ያን ጊዜ አባቱ ወደ ሰመራ ይደውላሉ። እሱም በስልክ፣ ኩኩን ክፍሉን አስከፍቶ፣ ይህን ተጫኚ፣ ወደ ታች ውረጂ፣ እሺ በይው ይላል። ድምፁ ይመጣል። አባቱም ለጎረቤቱ «ልጄ ከሰመራ ሆኖ ሠራው» ይላሉ። በሁለት በሦስት ቀን የሚያልቅ ነገር ነበር። በዚሁ ተሰናብቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስልኩ ግን አልተደወለም።

አንድ ሳምንት ሆነ። እሱ ሲደውልና ዲሹ እንዴት ነው ሲል አባቱ ደህና ነው ይላሉ። ወሬውን የሚሰማው ከኩኩ ነበር። ጣሃ መጣ፣ ገመዱን ቀየረ። ጣሃ መጣ፣ ስፒከሩን ሱቁ ወስዶ ፈተሸና ደህና ነው ብሎ መለሰ። ጣሃ መጣ፣ በግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ዲሹን ዳግመኛ አጠበቀ። ከሪሲቨሩ ጀርባ ገመዱን ሲነቅለው ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን ይታየዋል፤ በዚያ ገመድ ድምፅ የሚሄደው በብርሃን ነው። «ኩኩ፣ ብርሃኑ አለ፣ ድምፁ የለም፤ ይኼ ዕቃ ያሾፍብኛል» አላት አሉ። ሁሉን ነገር ፋብሪካው እንዳወጣው ልመልሰው ብሎም ነበር። ግን እንዲህ ቢደረግ የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተል ይጠፋል፤ ሀብተ ሥላሴ ደግሞ ጣቢያ የሚያገኙት ቁልፉን ስንት ጊዜ እንደሚጫኑ በጣታቸው ቆጥረው ነው። ስለዚህ ተወው።

ኃይለ ልዑል ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ደስ አለው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደስታው ጎመዘዘ፤ ጣሃ ባቃተው ቁጥር ወደ ቤቱ የሚመላለሰው አብዝቶ ነው። አባቱ ደግሞ ሰሚ ጆሮ አጥተው እንኳ የሚጠሩት ጣሃን ነው። እሱን አልጠሩትም።

በግንቦት መጨረሻ ጣሃ ራሱ ደወለለት። በስልክ አውርተው አያውቁም ነበር።

«ኃይሌ ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ፣ አላቆይህም» አለው። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር፤ ኃይለ ልዑል ደረጃ እየወጣ ነው ብሎ አሰበ። «የዚህ ሪሲቨር መጽሐፍ አንተ ጋ ይኖር ይሆን? አንድ ገጽ ሳይኖረው አይቀርም እኔ የማላውቀው።»

መጽሐፉ እሱ በተቀመጠበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ ጀርባው ላይ ርዕስ በተጻፈበት አቃፊ ውስጥ ነበር። ክንዱ መሳቢያውን ይነካ ነበር።

«ቢሮ ስንቀይር ጠፋ» አለ ኃይለ ልዑል።

«አይ፣ ግድ የለም» አለ ጣሃ። «ኢንሻአላህ እደርስበታለሁ። አባባን አታሳስባቸው።»

ያን ቀን ብቻ ነው ጣሃ አባቱን «አንቱ» ሲል የሰማው። ለእሱ ብሎ እንደሆነ ገባው፤ ይህም አናደደው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኩኩ ደወለች።

ለቀብሩ አልደረሰም። በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሮ ሚሌን፣ ገዋኔን አልፎ ከሰዓት በኋላ አዋሽ ወረደ። ቤቱ ዝግ ነበር። ኩኩ፣ ሁሉም ለቅሶ ቤት ናቸው አለችው።

ከጣሃ ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ተቀምጧል፤ ሰፈሩ እድሩ አንድ ነው። አባቱ መሐል ላይ፣ ከጣሃ ወንድሞች አጠገብ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ወንድሞቹን ጨብጦ ቀጥሎ እሳቸው ጋ ጎንበስ ይላል። «አላህ ያጽናዎት አባባ» ይላቸዋል። ክርስቲያኑም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላል። ልጅ የሞተበት አባት የሚባለው ነገር ነው። ኃይለ ልዑል ተራውን ጠብቆ እሱም ጎንበስ አለ።

«ማነው?» አሉ አባቱ።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«መጣህ?» አሉና እጁን ያዙት። ያዙት እንጂ ጎናቸው ቦታ አልነበረም፤ ሄዶ ከዳር ተቀመጠ። እዚያ፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ የጣሃ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ፣ ቀናበት። ራሱን ታዘበ። ግን ቀናበት።

ወደ ማምሻው ኑርሀያት ጠርታው ከድንኳኑ ጀርባ አነጋገረችው። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን የተረጋጋ ነበር። ሐኪሙ ሕመሙ የቆየ መሆኑን እንደነገራት፣ ጣሃ ሳይነግራት እንዳቆየው አወራችው። መጨረሻ ላይ ጣሪያ እንዳይወጣ በሐኪም ተከልክሎ ሳለ አራተኛ ጊዜ የአባባ ቤት ሄደ አለች። «ሥራ ሳይጨርስ የቀረው የእሳቸው ብቻ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ገመዱ ደህና፣ ስፒከሩ ደህና፣ ብርሃኑ አለ፣ ምን ቀረ እያለ። ጣሃን አፉ ይበሉት በልልኝ አባባን» አለችው። ኃይለ ልዑል ራሱን ነቀነቀ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቱ ክፍሉን ከፈቱለት። እሱ በሌለ ጊዜ ክፍሉን ሁልጊዜ ይቆልፉታል፤ ቁልፉንም ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት። ኃይለ ልዑል አቧራ እንዳይገባ ብለው ይመስለው ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሪሲቨሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ ጨርቅ ለብሷል። ጣሃ ለመጨረሻ ጊዜ ከመጣ ጀምሮ አልተከፈተም አለች ኩኩ። አባቱን ለምን እንዳስነቀሉት ጠየቃቸው።

«ጆሮዬ ነው» አሉ ሀብተ ሥላሴ። «ኩኩ ‹አባባ እየተሰማ ነው እኮ› ትለኛለች፤ እኔ አልሰማም። ጣሃ ነገሩ ገብቶታል። ግን ሊነግረኝ አልፈለገም። ‹ጆሮህ አይደለም፣ ስፒከሩ ነው› እያለ በዚያ ፀሐይ አራት ጊዜ የተመላለሰው እንዳላዝን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተብኝ።»

ጣሃ እውነቱን ነግሯቸው ነበር። እሳቸው ግን ከእውነቱ ሐሰት ሠርተው፣ ከሐሰቱም ሌላ ፍቅር አውጥተውለታል። ይህን ሁሉ ያበረከተለት ደግሞ ኃይለ ልዑል ራሱ ነው።

ሪሲቨሩን ሰካው። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ሰባኪው በትንሿ ድምፅ ያወራል፤ አባቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ኃይለ ልዑል ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሁለተኛውን ሪሞት አነሳ፤ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ወደ ሳሎኑ መለሰው። ሥራው አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ስፒከሩ በሙሉ ድምፁ ተናገረ። ሳሎን ሲመለስ አባቱ ተነስተው ቆመዋል። እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ድምፁ ወደሚመጣበት ሄደው፣ ስፒከሩን በመዳፋቸው ነኩት።

«እሰማለሁ» አሉ። «ኩኩ፣ እሰማለሁ።» ከዚያ «ጣሃ!» አሉ። «አየሽው? ሳይሞት ሠርቶት ነው የሄደው። እኛ ነን ሳንከፍተው የቀረነው።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አለ ኃይለ ልዑል። ሳያስበው ነው ያፈተለከው።

«አንተ ምን?»

ኩኩ ከማድ ቤቱ በር ላይ ታየዋለች። እኔ ሠራሁት ለማለት አፉን ከፈተ። ያን ካለ ግን የሚቀጥለው ጥያቄ ይታወቃል፤ ጣሃ ያቃተውን አንተ በምን አወቅኸው? አባቱ የስልክ ሰው ናቸው፤ ከትንፋሽ ሰው ይለያሉ። ሠሪውን ለማሳወቅ አበላሹን ማሳወቅ ነበረበት።

«እኔ ነኝ የሰካሁት» አለ።

«እሱማ ሰካኸው» አሉ አባቱ። «የሠራው ጣሃ ነው።»

ኩኩን ኑርሀያት ጋ አስደወሏት። ስልኩን ራሳቸው ያዙ። ባልሽ ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደው፣ ይኸው እየሰማሁ ነው አሏትና ስልኩን ወደ ስፒከሩ አቀረቡት። ከወዲያ ኑርሀያት ስታለቅስ ይሰማል። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ትላለች ደጋግማ። ምንም ሳይጎድልበት ሄደልኝ ትላለች።

ሀብተ ሥላሴ ተመልሰው ተቀመጡ። ለብዙ ጊዜ ስብከቱን አዳመጡ። ኃይለ ልዑል ከጎናቸው ሆኖ፣ አሁን ልንገራቸው፣ ይህ ሲያልቅ ልንገራቸው እያለ በልቡ ሲዘገጃጅ፣ አባቱ ቀድመው ተናገሩ።

«አንድ ነገር ይቆጨኛል» አሉ። «መጨረሻ የመጣ ጊዜ፣ ‹አባባ፣ ያንን ክፍል ክፈትልኝ፤ የዚያን ቤት ቴሌቪዥን ልየው፣ ምናልባት ድምፁ ወደዚያ ሄዶ ይሆናል› አለኝ። እምቢ አልኩት። ለጣሃ እምቢ ብዬው አላውቅም ነበር። የኃይለ ልዑል ክፍል ነው፣ እሱ በሌለበት ለማንም አይከፈትም አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀብኝ። ‹አባባ፣ ለካ አንተም ልጅ አለህ› አለኝ።»

ኃይለ ልዑል ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ኩኩ ውሃ ትፈልጋለህ ወይ አለችው፤ አልፈልግም አለ። ጥላ ሥር ቆሞ ከቤት ውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ሰማ። እስከ መንገዱ ድረስ ነበር የሚሰማው።

ሰኞ ወደ ሰመራ ተመለሰ። አሁን ሲደውል አባቱ ከስፒከሩ በላይ እየጮኹ ነው የሚያወሩት። ኑርሀያት ለለቅሶ ለሚመጣው ሁሉ፣ ባሌ የመጨረሻ ሥራውን ሳይጨርስ አልሞተም ትላለች አሉ። እሱ ሁለት ጊዜ ለአባቱ ሊነግራቸው ብሎ ደውሎ፣ ስለ ሙቀቱ አውርቶ ዘግቷል።

ኃይለ ልዑል ያደረገውን እስካሁን ለአባቱ አልነገረም። ለኑርሀያትም አልነገራትም።